ክፉ ቀንን ማን ይጻፈው?

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገራችንን የፈጀው ረኃብ «ክፉ ቀን» ይባላል። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ የታሪክ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ይህን ርዕስ ቢመርጥ፣ ከዜና መዋዕል፣ ከተጓዦች ማስታወሻና ከቤተ መዛግብት ይነሣል። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸውን ያነብባል። ግን በሬዎቹ የት ሄዱ?

ለጣሊያን ጦር ወደ ምጽዋ ከገቡ ከብቶች ጋር መጣ የሚባለው «ደስታ» የተሰኘ የከብት ወረርሽኝ ጠራርጎ ወሰዳቸው፤ በብዙዎች ግምት ከመቶው ዘጠናውን። መሬቱ ጦም አደረ፣ ድርቅና አንበጣ ተከተሉ። እንግዲህ ተማሪው በሽታው ከመንጋ ወደ መንጋ እንዴት እንደሚዛመት የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ አለበት። የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ጎተራው የማን እንደነበረ፣ ባለቤቶቹ ያለቁበት መሬትስ በማን እጅ እንደገባ ለመመርመር ምጣኔ ሀብትና ሕግ ያስፈልጉታል።

ቦረና ሲደርስ የጽሑፍ ምንጩ ይሳሳል። እዚያ ጋብቻውም ሥርዓቱም ከከብት ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሽማግሌዎች ዘመን የሚቆጥሩትም በአባ ገዳዎች የስምንት ዓመት ሥልጣን ነው። ይህን አቆጣጠር ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ያልተማረ ሰው የተነገረውን በየትኛው ዓመት ላይ ያስቀምጠዋል? ኦሮምኛ ካልቻለማ ከነጭራሹ አይሰማውም።

ተማሪው ሁሉን ጀምሮ አንዱንም ሳይዝ ይቀራል ብለው የሚሰጉ መምህራን አሉ። ስጋታቸው እውነት አለው፤ ምንጭን መመርመር ያልተማረ ተማሪ ሌላ ትምህርት ክፍል ቢሄድም አይተርፈውም። ነገር ግን የታሪክ ሰው ለጎረቤቶቹ የሚሰጠውም አለው። «የአገሪቱ ሕዝብ ሲሶ አለቀ» የሚለው አባባል በየጽሑፉ እንደ ተረጋገጠ አኀዝ ይደጋገማል። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ያን ጊዜ ማን ቆጠረ? ይህን ጥያቄ በምጣኔ ሀብት ክፍል ውስጥ ገብቶ የሚያነሣ ተማሪ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ የታሪክ ድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሌላ ትምህርት ክፍል የሚወስደው ኮርስ ይቆጠርለት፤ የሚያጠናውን ሕዝብ ቋንቋም መስክ ሳይወጣ ይማር። ከሌላ የሙያ ዘርፍ ሁለተኛ አማካሪ ይመደብለት፤ ያውም ገና ንድፈ ጥናቱን ሲያዘጋጅ። ጽሑፉን በሚከላከልበት ዕለት የሚመጣ የውጭ ፈታኝ ስሕተቱን ያሳየው ይሆናል፤ ያለፉትን የመስክ ወራት ግን አይመልስለትም።