ለዘመናችን ደጃዝማቾች

የመሳፍንትና የመኳንንት ማዕረግ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሲቀር ክብርና ሥርዓት ከአገር የጠፋ የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። ሥጋታቸው ከንቱ ነበር። ደጃዝማች ማለት ሲፈታ የደጅ አዛዥ እንደ መሆኑ፣ እነሆ ዛሬም በአዲስ አበባ በየሆቴሉ፣ በየባንኩና በየሕንጻው በር ላይ ዩኒፎርም ለብሰውና መፈተሻ ጨብጠው ደጁን የሚያዝዙ ሰዎች አሉን። ማን ቀና ብሎ እንደሚገባ፣ ማን ደግሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ እንደሚዳበስ ለይተው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ የሚለዩበትም ምልክት አንድ ነው፦ መጪው ሰው ከሥሩ ጎማ አለው ወይስ የለውም?

የጥበባቸውን ጥልቀት ለመረዳት አንድ ማለዳ በር ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። በእግሩ የመጣ ሰው ቀበቶውን ይፈታል፣ ሳንቲሙንና ቁልፉን ያወጣል፣ ቦርሳው ይበረበራል፤ ምሳ ዕቃ ከያዘም ክዳኑ ተነሥቶ ሽሮው ይመረመራል። ወዲያው መስኮቱ የጠቆረ ቪኤይት ሲደርስ በዱላ ጫፍ የታሰረው መስታወት ከመኪናው ሥር ለአንድ አፍታ ገባ ብሎ ይወጣል፣ ዘበኛው ግን የሚያየው መስታወቱን ሳይሆን የሹፌሩን ፊት ነው። ግማሽ ኩንታል ጤፍ በቀላሉ የሚውጠውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ክፈቱ የሚል ድፍረት በማንም ላይ አይታይም። ክፋት በኪስና በምሳ ዕቃ እንጂ በጎማ ተጉዞ አያውቅም የሚለውን ይህን የጸጥታ ፍልስፍና ሌላው ዓለም እስካሁን አለመማሩ ያሳዝናል።

ባለጎማ ሁሉ አንድ ነው ማለቴም አይደለም። ለቪትዝ አገጭን ነቅነቅ ማድረግ ይበቃታል፤ ለራቭ ፎር እጅ ይነሣል፤ ለቪኤይት ወንበር ተገልብጦ ይቆማል። በቀድሞው ዘመን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ታላቁን ሲያገኝ ወርዶ እጅ ይነሣ ነበር፤ የዛሬው ሥርዓት የተሻለ የሚሆነው እጅ የሚነሣው ሰው ቀድሞውኑ ቆሞ ስለሚጠብቅ የመውረድ ድካም የሌለበት በመሆኑ ነው። (በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ግን ለደጃዝማቾቻችን ፈተና ሆነዋል። የጌታ መምጣት ከሩቅ በሞተር ድምፅ ይታወቅ ነበር፤ አሁን ጌታው ኮሽ ሳይል ደርሶ ዘበኛውን ከተቀመጠበት ያስደነግጠዋል።)

ክብሩም ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል፤ በሌላው አገር ባረጀ ቁጥር የሚረክሰው መኪናም በእኛ ዘንድ እንደ ጠጅ ሲከርም ይወደዳል። እንዲህ ባለ ሀብት ላይ ተቀምጦ የመጣን ሰው ኪስህን አሳይ ማለት ነውር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች በሀብት ሳይለያዩ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይናገራል፤ ስለ ጎማ ያለው ነገር ግን የለም፣ የሆቴል በርም ፍርድ ቤት አይደለም። እኛም ብንሆን ካፌ ስንገባ የመኪና ቁልፋችንን ከስልካችን ጎን ጠረጴዛ ላይ የምናኖረው አስተናጋጁ ማንን ማስቀደም እንዳለበት በማሰብ እንዳይቸገር አዝነንለት ነው።

ደጃዝማቹ ራሱ ሲመሽ ዩኒፎርሙን በፌስታል ጠቅልሎ የአውቶቡስ ሰልፍ ውስጥ የሚቆም እግረኛ ነው። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። ጥበቃው በኤጀንሲ በኩል የተቀጠረ እንደሆነ ደግሞ ድርጅቱ ለእርሱ ብሎ ከሚከፍለው ላይ ኤጀንሲው የራሱን አንሥቶ የተረፈውን ይሰጠዋል። ያችን የተረፈች ሊያወጣ ባንክ ሲሄድ በሌላ ደጃዝማች እጅ ከብብቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይዳበሳል፤ አያጉረመርምም፣ ባለሙያ የባልደረባውን ሥራ ያከብራልና።

እኔም የዚህ ክብር ተቋዳሽ ሆኜ አውቃለሁ። ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ለስብሰባ ስመላለስ በር ላይ ያለው ሰው ሁልጊዜ «ወንድም፣ ወዴት ነው?» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን የባለቤቴ ወንድም መኪናውን አውሶኝ በዚያው በር ስደርስ ያው ሰው ሰንሰለቱን ለቀቀና «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ፣ በጥላው በኩል ያቁሙት» አለኝ። በማግስቱ ሰንሰለቱ ሩብ ደቂቃ ያህል ዘገየብኝ፤ ዕድሜዬን በሙሉ በሚኒባስ የኖርሁት ሰውዬ «ይህ ምን ዓይነት ዘበኛ ነው!» ብዬ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረግሁ። ደስ የሚል ድምፅ ነበረው።

መኪናው ለባለቤቱ በተመለሰ በሳምንቱ በእግሬ ስመጣ ዘበኛው አወቀኝ። ከኋላዬ የጠፋ ነገር የሚፈልግ ይመስል መንገዱን አሻግሮ ተመለከተ።

«መኪናዎት የት አለች?»

«ጋራዥ ገብታ ነው» አልሁት።

በእውነተኛ ሐዘን ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም አንቱታውን ሳይቀንስ ወደ እግረኛው በር እያመለከተኝ፣ «እንግዲያው በዚህ በኩል ይለፉ። እጅዎትን ዘርጋ ያድርጉልኝ» አለኝ።