ማስተካከያ፦ «ሻንካር ዳዳ ኤምቢቢኤስ» ኦርጅናሉ አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተጋራው ጽሑፍ፣ የሂንዲው ፊልም «ሙና ባይ ኤምቢቢኤስ» ከሕንዳዊው ተዋናይ ቺራንጂቪ የቴሉጉ ቋንቋ ፊልም፣ ከ«ሻንካር ዳዳ ኤምቢቢኤስ» ተቀዳ ይላል። ነገሩ ተገልብጧል። የፊልሞቹ ክሬዲትና የወጡበት ቀን እንደሚያሳየው ሂንዲው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2003 ወጣ፣ ቴሉጉው ኦክቶበር 2004 ተከተለ። ተዋናይ ካማል ሃሳን የተጫወተበት የታሚል ቋንቋው ፊልምም በዚያው በ2004 የተሠራ ሪሜክ (የሌላ ፊልም ዳግም ሥራ) ነው።

ይሄ ቀላል ስህተት አይደለም። ወላጆቹን ሐኪም ነኝ ብሎ ያታለለው ወሮበላ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ሽማግሌ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ እቅፍ አድርጎ የሚያመሰግንበት ያ ልብ የሚነካ ትዕይንት መጀመሪያ የታየው በሂንዲው፣ በዳይሬክተር ራጅኩማር ሂራኒ ፊልም ነው፤ ምስጋናው ለእሱ ይገባል። ቺራንጂቪም ቢሆን አሳምሮ ተጫውቶታል። የ2007ቱ ተከታይ፣ «ሻንካር ዳዳ ዚንዳባድ»ም እንዲሁ ከሂንዲ የመጣ ነው። ጽሑፉን ያጋራችሁ፣ እባካችሁ አስተካክሉት።