ከጨረር በኋላ ቁጥሩ ሲነጥር

የፕሮስቴት ካንሰር ታሞ የጨረር ሕክምናውን ከጨረሰ ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ሰው አስቡት። በደም ምርመራ የሚለካው የፕሮስቴት ፕሮቲን፣ የፒኤስኤ ውጤቱ፣ ወርዶ ወርዶ 0.5 ደርሶ ነበር። ዛሬ የወጣው ግን 1.3 ይላል። ሐኪሙን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። እስከዚያ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። «አገረሸብኝ» ይላል። ለሚስቱ እንኳ ሳይነግራት በሆዱ ይዞት ይከርማል።

አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው። ይህ ሰው ሊደርስበት የሚችለውን ነገር ሕክምናው በሚያውቀው ልክ ቢነገረው ኖሮ፣ ያን ያህል አይጨነቅም ነበር።

ፒኤስኤን ካንሰሩ ብቻ ሳይሆን ጤነኛው ፕሮስቴትም ያመርተዋል። ፕሮስቴቱ በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ፒኤስኤው በሳምንታት ውስጥ ከደም መጥፋት አለበት። ጨረር ግን ፕሮስቴቱን ነቅሎ አይጥልም። የሴሎቹን ዲኤንኤ ይጎዳል፣ ብዙዎቹም የሚሞቱት በኋላ ሊከፋፈሉ ሲሞክሩ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እያዘገመ ነው የሚወርደው። መጨረሻው ዝቅታ ላይ ለመድረስ ዓመት ከመንፈቅ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የተረፈ ጤነኛ ክፍል ስላለም ጭራሽ ዜሮ ላይሆን ይችላል።

መሀል ላይ ደግሞ ይነጥራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ከፍ ይልና ያለ ምንም መድኃኒት ተመልሶ ይወርዳል። በዕድሜ ወጣት በሆኑት ላይ ይበዛል። ከጨረሩ ጋር ቴስቶስተሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን የሚያወርድ መድኃኒት ይወስድ የነበረ ሰው ደግሞ፣ መድኃኒቱን ሲያቆም ቴስቶስተሮኑ ሲመለስ ፒኤስኤውም አብሮ ከፍ ሊል ይችላል።

ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመውና «የፊኒክስ መለኪያ» የሚባለው መስፈርት፣ አገረሸ ለማለት ቁጥሩ ከዝቅተኛው በ2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር መጨመር አለበት ያለው። የኛ ሰው ዝቅተኛው 0.5 ስለሆነ ወሰኑ 2.5 ነው። 1.3 ላይ ሆኖ ነው የሚያለቅሰው። ከዝቅተኛው ያለው ርቀትና የጭማሪው ፍጥነት ከአንድ ቀን ውጤት የበለጠ ይናገራሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ የሚሆን ቁጥርና ዓመታት የሚፈጅበት ቁጥር አንድ አይደሉም።

እንደ ፒኤስኤ ያለ የደም ጠቋሚ በትክክል ሲናገር እንኳ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ሌላ ጥያቄ ነው። ከአፍንጫ ጀርባ የሚነሳውን የጉሮሮ ካንሰር ውሰዱ። ከጨረር በኋላ ከዚህ ካንሰር ጋር የተያያዘው የኤፕስታይን ባር ቫይረስ ዲኤንኤ በደም ውስጥ ከቀረ፣ የማገርሸት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ታዲያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ተመራማሪዎች እንዲህ ዓይነት ታማሚዎችን ለይተው ለከፊሎቹ ተጨማሪ ኬሞቴራፒ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ኬሞው ማገርሸቱን አልቀነሰም። በአንጀት ካንሰር ግን ሲኢኤ የሚባለው የደም ጠቋሚ መጨመር በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችል የጉበት ዕጢ ሊያጋልጥ ይችላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም ያለ ካንሰር ሲኢኤው ከፍ ሊል እንደሚችል ሳንረሳ።

«በሽተኛውን አስቀድሞ ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ከደግነት ነው፣ ይገባኛል። ግን አልስማማም። ዛሬ ብዙ ሰው ውጤቱን ከሐኪሙ በፊት በስልኩ ያያል። ዝምታው የሚተወው ከቁጥሩ ጋር ብቻውን ነው።

የመጨረሻው ጨረር በተሰጠበት ቀን አንድ ወረቀት ይጻፍለት። ቁጥሩ እስከ መቼ እንደሚወርድ፣ ሊነጥር እንደሚችል፣ ከዝቅተኛው በስንት ሲጨምር ተጨማሪ ምርመራ እንደሚታዘዝ። ከተቻለ ሁልጊዜ አንድ ላቦራቶሪ እንዲለካም ይነገረው፣ ምክንያቱም መሣሪያው ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ 1.3 ሲያይ፣ ወረቀቱን አውጥቶ «ከዝቅተኛው በ2 ሲጨምር» የሚለውን ያነባል።