ምርጫ በበርጫ

ድሬ ላይ የአንድን ሰው የብድር ታሪክ ለማወቅ ባንክ መሄድ አያስፈልግም፣ ሱቁ ጋ ሲደርስ በየት በኩል እንደሚያልፍ ማየት ብቻ ነው። በጥላው በኩል ቆሞ፣ ሰላም ብሎ፣ ልጆች እንዴት ናቸው ብሎ ካለፈ ሂሳቡ ንፁህ ነው። በዚህ ፀሀይ ጥላውን ትቶ አስፋልቱን ተሻግሮ በዛኛው በኩል እየተጠበሰ የሚሄድ ካያችሁ ግን በቃ፣ አለበት። ቢያንስ የሁለት ወር ዘይትና ፓስታ።

የሰፈራችን ባለሱቅ ደብተር ላይ ማንም በስሙ አልተፃፈም። "ባጃጁ"፣ "የመንትዮቹ እናት"፣ "ረጅሙ"፣ "ረጅሙ 2" ነው የሚለው። እኔ ምን ተብዬ እንደተፃፍኩ አይቻለሁ፣ አልነግራችሁም። ምስጢር ነው ይባላል እንጂ ባንኮኒው ላይ ተገልጦ ነው የሚውለው፣ ሳሙና ልትገዛ የመጣች ልጅ መልስ እስኪቆጠርላት ድረስ የግማሽ ሰፈሩን ጉድ አንብባ ትሄዳለች።

አሜሪካኖች ይሄንኑ ደብተር ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን፣ ትራንስዩኒየን ለሚባሉ ሶስት ድርጅቶች ሰጥተውታል፣ ሰውም ከ300 እስከ 850 በሆነ ነጥብ ይመዘናል። ዜሮ የለም፣ ስምህን ስለፃፍክ ብቻ 300 አለህ። የኛ ሀገር ፈተና እንደዚህ ቢታረም ኖሮ ማን ይወድቅ ነበር። የሚገርመው ግን እዳ የማያውቅ ሰው እዛ ነጥብ አይወጣለትም። እናቴ እድሜ ልኳን ከሰው አንድ ብር ሳትበደር፣ እቁብ ቀን ሳታሳልፍ የኖረች ሴትዮ፣ እዛ ብትሄድ "ማናት?" ነው የምትባለው።

ይሄን ሁሉ ያወቅነው ሚኒሶታ ባለው የአክስቴ ልጅ ነው። ገንደ ቆሬ ያደገ ጨዋ ልጅ ነው፣ ችግሩም ጨዋነቱ ነው። የሀገሩ ልጅ መኪና በብድር ሊያወጣ ሲል "ፈርምልኝ" አለው፣ ይሉኝታ ይዞት ፈረመ፣ ልጁ ስቴት ቀየረ፣ ስልክ ቀየረ፣ ፌስቡክ ላይ ግን አለ፣ እዛው መኪና ላይ ተደግፎ ፎቶ ይለቃል። ነጥቡ የወረደው የዋሱ ነው። ያልተከፈለ ክፍያ ደሞ እዛ መዝገብ ላይ 7 አመት ነው የሚቀመጠው። የኛ ባለሱቅ እንኳን ደብተር ሲቀይር የሚረሳው ነገር አለ።

እና አሁን ነጥቡን ለማዳን ክሬዲት ካርድ፣ በዱቤ እየገዛህ በኋላ የምትከፍልበትን ካርድ፣ ሊያወጣ ፈልጎ የትኛውን እንደሚመርጥ ማንን ቢያማክር ጥሩ ነው? እኛን። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ሳቢያን፣ በርጫ ላይ። እሱ ጋ ገና ጠዋት ነው፣ ወደ ስራ እየነዳ ነው፣ እኛ ጋ የአወዳዩ ጫት ገብቶ ሰው ሁሉ ትራሱን ይዟል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ስልኩ ስፒከር ላይ ሆኖ በገረባውና በውሃ ኮዳው መሀል ተቀምጧል። ከተቀመጥነው ውስጥ ክሬዲት ካርድ በእጁ ነክቶ የሚያውቅ የለም። ሀሳብ የሌለው ግን አንድም ሰው አልነበረም አቦ።

"ጥቁሩን አውጣ፣ ጥቁሩ ያምራል" አለ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ የሚነግደው።

ልጁ በትዕግስት አስረዳ። ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው 200 ዶላር አስይዘህ 200 ዶላር ሊሚት፣ የመበደሪያ ጣሪያ ማለት ነው፣ የሚሰጡህ ነው። ሁለተኛው ምንም ሳታስይዝ፣ እንኳን ደስ አለህ ተፈቅዶልሃል ተብሎ በፖስታ የመጣለት፣ 300 ሊሚት ያለው ነው፣ ግን ገና ሳትነካው የአመት ክፍያ ተብሎ 75 ይቆረጣል፣ 225 ይቀርሃል። እንዴት ነው ይሄ የሚፈቀደው ብለን ጮህን። ለካ የ2009 ህጋቸው ራሱ በመጀመሪያው አመት ከሊሚቱ ሩብ በላይ አታስከፍሉ ነው የሚለው፣ የ300 ሩብ ስንት ነው? 75። ህጉን አንብቦ እስከ ጫፉ ድረስ የሚሄድ ነጋዴ እኛ ጋ ብቻ ያለ ይመስለን ነበር።

ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ግን የተናደደው በመጀመሪያው ነው። "የራሴን 200 ሰጥቼ የራሴን 200 ልበደር? ከዛ ለራሴ ብድር ልክፈል? ወላሂ ይሄ ሀገር የጀዘበ ነው!" ቤቱ በሳቅ ሞተ። ሳቁ ሲያልቅ የድሮ ሸሚኖ፣ የባቡር ሰራተኛ፣ የነበሩት ጋሼ፣ እስከዛ ድረስ አይናቸውን ጨፍነው የነበሩት፣ "አንተን እኮ ሱቁ እንደዛ ነው የመለሰህ" አሉት። እውነት ነው። ዱቤው ቆሞበት የነበረ ጊዜ ባለሱቁ መጀመሪያ 500 ብር አስቀምጥ፣ ከዛ ላይ ውሰድ፣ በወር በወሩ ዝጋ፣ አይሃለሁ ብሎት ነበር። ብሩ የባጃጁ፣ እቃው የባጃጁ፣ ያኔም ሲሳደብ ነበር፣ ግን ደብተሩ ላይ በየወሩ ሰረዝ እየተሰመረለት መጣና አሁን ይኸው ማንም ሳያስይዘው ጀሪካን ዘይት ተሸክሞ ይወጣል። የተገዛው ሰረዙ ነው።

የአክስቴ ልጅም ያንኑ ነው የሚለው፣ ካርዱ ክፍያህን ለሶስቱም ድርጅት የሚያሳውቅ መሆን አለበት፣ ካላሳወቀ ዋጋ የለውም፣ ከራስህ ሂሳብ ላይ የሚቆርጠው ዴቢት ካርድ ምናምን ነጥብ አይሰራም። በደንብ ከከፈልክ በኋላ ያስያዝከውን ይመልሱልሃል። ከነጥቡ 35 ፐርሰንቱ በሰዓቱ መክፈልህ ነው፣ 30ው ደሞ ካለህ ሊሚት ምን ያህሉን ወስደሃል የሚለው፣ ስለዚህ ባነሰ ቁጥር ይሻላል፣ ከ200ው ከ60 በላይ ባትወስድ ይመረጣል።

"200 አቅርበውልህ 60?" አለ ነጋዴው። እኔ ግን ይሄ ቦታ ላይ አሜሪካኖች ሀበሻ መሰሉኝ። ብላ ብላ ይልሃል፣ እውነት ብለህ ከበላህ ያማሃል።

ከዛ ሼኽዬ ገቡ። ሼኽዬ የምንላቸው ሼኽ ስለሆኑ አይደለም፣ ሀራም የሆነውን ስለሚያስታውሱን ነው፣ ጫቱ ላይ ግን ዝም ይላሉ። "ወለድ አለው?" አሉ። አለው፣ እንዲህ አይነት ካርድ ላይ ከ20 ፐርሰንት በላይ ነው። ግን ሂሳቡ ከተላከልህ በኋላ ቢያንስ 21 ቀን አለህ፣ በነዛ ቀናት ውስጥ ሙሉውን ከዘጋህ አምስት ሳንቲም ወለድ የለም። ሼኽዬ ጉንጫቸውን ወደ ግራ አዛውረው ቆዩና "እስከ 21ኛው ቀን እኔ አለሁ፣ ከዛ በኋላ አልነበርኩም" አሉ።

ባንክ ቤት የሚሰራው ወንድማችን እስካሁን አንድም ሰው አልጠየቀውም ነበር፣ በርጫ ላይ ሙያ ያለው ሰው ነው መጨረሻ የሚደመጠው። "እዚህም እኮ አለ" አለ። ብሔራዊ ባንክ የተበዳሪዎችን መረጃ ያሰባስባል፣ ባንኮች ከማበደራቸው በፊት ያዩታል። ቤቱ ፀጥ። ሁለት ሶስት ሰው ስልኩን ገልበጥ አደረገ። ከ2022 ጀምሮ በቴሌብር መላ ነው እንደኪሴ ነው እየተባለ ሰው ከስልኩ እየተበደረ ነዋ፣ ስልክ ደግሞ መንገድ ተሻግረህ የምታልፈው ነገር አይደለም፣ ኪስህ ውስጥ ነው።

ድምፅ ተሰጠ፣ 200 የሚያስይዘው፣ የአመት ክፍያ የሌለው፣ ለሶስቱም የሚያሳውቀው አለፈ። ልጁ አመሰገነ። ነገሩ ማታውኑ ገንደ ቆሬ ደርሶ "520 ዶላር እዳ አለበት አሉ" ሆኖ አክስቴ ጋ ገብቷል፣ 520 ነጥቡ ነው ብንላት ማን ይሰማናል፣ ደሞ አሁን ለጋብቻ የታሰበችለት ልጅ ቤተሰቦች ስንት እንዳለው እየጠየቁ ነው ይባላል።

ስልኩ ሊዘጋ ሲል ነው ባጃጁ ጎንበስ ያለው። "ስማ፣ ካርዷ ስትመጣ ከ60ዋ ላይ 50 ላክልኝ፣ ጎማ ልቀይር።" ልጁ ዝም አለና፣ ብዙዎቹ ባንኮች በክሬዲት ካርድ ብር መላክን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ነው የሚቆጥሩት፣ 21 ቀን የሚባል የለውም፣ ወለዱ ከዛው ቀን ይጀምራል አለ።

"ሀራም!" አሉ ሼኽዬ ከትራሳቸው ብድግ ብለው።

"እርስዎን ማን ጠየቀ?"

ጋሼ አይናቸውን ሳይገልጡ "በካርድ ለምን ይልካል፣ በሰው ይላክ" አሉ፣ እና ለአረፋ ከሚኒሶታ ማን ማን እንደሚመጣ መቁጠር ተጀመረ።