ውሃው የት ይተኛ?

ከተማ ውስጥ ጎርፍ በገባ ማግስት የሚባለው ነገር ሁሌም አንድ ነው። «ወንዙ ይጠረግ፤ ግራና ቀኙ በግንብ ይታጠር።» ኤክስካቫተር ይመጣል። ጠማማው ይቃናል፣ ዳሩ በኮንክሪት ይለበጣል፣ ሪባን ይቆረጣል። በሚቀጥለው የዝናብ ወቅት ጎርፉ ይመለሳል። ምናልባት የቀድሞው ቤት አይነካ ይሆናል። ሦስት መቶ ሜትር ወረድ ብሎ ያለው ግን ተራው ደርሷል።

እኔ የምለው አጭር ነው። የከተማ ጅረት ያጣው ግንብ ሳይሆን ቦታ ነው። ሲሞላ የሚተኛበት ካልሰጠነው እኛ የምንተኛበት ድረስ ይመጣል።

እስቲ ከጣራ እንጀምር። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ ማለት አንድ ሊትር ውሃ ነው። መቶ ካሬ ጣራ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 3,000 ሊትር ይሆናል፤ ባለ ሁለት መቶ ሊትሩን በርሜል 15 ጊዜ ይሞላል። ቦታው ሣርና ቁጥቋጦ ቢሆን ኖሮ አፈሩ አብዛኛውን በጠጣው፣ የተረፈውም ተንፏቆ ተንፏቆ ቆይቶ ወንዝ በደረሰ ነበር። አሁን ግን ከአሸንዳ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ አስፋልት፣ ከአስፋልት ወደ ቱቦ፣ ከቱቦ ወደ ወንዝ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ። የአንድ ቤት ጣራ ምንም አያመጣም። የሠፈሩ ሁሉ ጣራ ውሃውን በአንድ ጊዜ ሲለቅ ግን ትንሿ ጅረት ትጨነቃለች። ከተፋሰሱ አንድ አስረኛው ገደማ በጣራና በአስፋልት ሲሸፈን ጅረቱ መጎዳት እንደሚጀምር ዘርፉን የሚያጠኑ ሰዎች ካስተዋሉ ቆይተዋል። አብዛኛው የከተማ ሠፈር ያንን መጠን ካለፈ ሰንብቷል።

ማቃናቱ ደግሞ በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። አንድ ጅረት እየተጠማዘዘ 1,500 ሜትር ይሄዳል፣ በዚህ ርቀት 15 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል እንበል። አቃናነውና ርዝመቱ 1,000 ሜትር ሆነ። የሚወርደው ቁልቁለት ግን ያው 15 ሜትር ነው። ተዳፋቱ ከ1 በመቶ ወደ 1.5 በመቶ ከፍ አለ ማለት ነው። በዚያ ላይ ኮንክሪት ልሙጥ ነው። ውሃውን ያዝ የሚያደርግ ድንጋይ የለ፣ ሥር የለ፣ ጉብታ የለ።

የወንዝ ግንብ የሚያልቅበት ቦታ ሄዳችሁ ቁሙ። እስከ መጨረሻዋ ድንጋይ ድረስ ሁሉም አማን ነው። አንድ እርምጃ አለፍ ስትሉ መሬቱ ተቦርቡሯል። ዳሩ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የዛፍ ሥር አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ድሮ ተቀብሮ የነበረ ቧንቧ ወጥቶ ይታያል። ጎንበስ ብላችሁ የግንቡን እግር እዩት፤ ከሥሩ ተበልቶ ዱላ ቢሰዱበት ይገባል። ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ ቅርጫት የታጨቀ ድንጋይ ከሆነ ሽቦው አብጦ ወደ ውሃው አዘንብሏል።

ፈጥኖ የሚሄድ ውሃ መጀመሪያ ወለሉን ይቆፍራል። ወለሉ ሲወርድ ዳሩ ይረዝማል፤ በጣም የረዘመ ዳር ደግሞ በራሱ ክብደት ይናዳል። ቁፋሮው ወደ ታች ብቻ አይሄድም። ወለሉ ላይ እንደ ደረጃ ያለ ስብራት ይፈጠርና በየዝናቡ ወደ ላይኛው ሠፈር እየተሳበ ይወጣል። ምንም ያልነካ ሰው አጥሩ ሲሰነጠቅ ያየዋል።

ለዚህ ነው መሸርሸርና ጎርፍን እንደ ሁለት ጉዳይ ለይተን ስናወራ የሚገርመኝ። ወለሉ የጎደጎደ ጅረት ሲሞላ ዳር ወዳለው ሜዳ መውጣት አይችልም፤ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ ወደ ታች ይወርዳል። የናደውን አፈርም ይዞ ነው የሚወርደው። አፈሩ ከታች ያለው ከልቨርት፣ ማለትም ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቆሻሻ ይደርብበታል፣ ውሃው መንገድ አጥቶ ሰው ቤት ይገባል።

መፍትሔውም የዚሁ ግልባጭ ነው። ጥምዝማዙን መመለስ። ዳሩን ገደል ከማድረግ ይልቅ ዘመም አድርጎ መቁረጥ። ውሃ የሚወጣበት ዝቅ ያለ ሜዳ ማበጀት። ዳሩን በሕይወት ባለ ነገር ማሰር። ለምሳሌ የአኻያ ቅርንጫፍ ቆርጠው እንደ ካስማ በእርጥቡ አፈር ውስጥ ይተክሉታል፤ ሥር ያወጣና አፈሩን ይይዛል። ግንብ ከዕድሜው ጋር ይደክማል፣ ይህ ግን በየዓመቱ እየጠነከረ ይሄዳል። ደካማ የሚሆነው የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው። ሥሩ ሳይዝ ከባድ ዝናብ ከመጣ ይታጠባል፣ ያኔ «ብለን ነበር!» ባይ ይበዛል።

ሲንጋፖር ውስጥ የካላንግ ወንዝ በቢሻን ፓርክ በኩል 2.7 ኪሎ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ የኮንክሪት ቦይ ነበር። በ2012 ሥራው ሲያልቅ 3.2 ኪሎ ሜትር የሚጠማዘዝ ወንዝ ሆነ። ዳር የማሰሪያ ዘዴዎቹን መጀመሪያ በአጭር ቦይ ላይ ሞክረው፣ የትኛው እንደሚይዝ አይተው ነው የገቡበት። ወንዙ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይዘረጋል፤ የሚዘረጋው ፓርኩ ላይ ነው።

«ጥሩ፣ ግን ቦታ ከየት ይምጣ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ከባዱም ይኸው ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ ያለችው ጆንሰን ክሪክ በ1930ዎቹ በሠራተኛ ጉልበት ተቃንታ በድንጋይ ተለብጣ ነበር። መጥለቅለቋን ግን አላቆመችም። በመጨረሻ ከተማዋ ሌላ መንገድ ያዘች። ውሃ ከሚተኛበት ሜዳ ላይ መሸጥ ከሚፈልጉ ባለቤቶች ብቻ ቤት መግዛት ጀመረች። 60 ያህል ቤተሰቦች ለቀቁ። ቤቶቹ ተነሡ፣ ከ25 ሄክታር በላይ የሆነው መሬት ለጅረቷ ተመለሰ፣ ሥራው በ2012 ተጠናቀቀ። በጣም ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ አሁንም ትሞላለች፤ መካከለኛው ግን የሚያርፍበት አገኘ። ዓመታት የፈጀ ሥራ ነው። በአንድ የምርጫ ዘመን የሚታይ ነገር የሚፈልግ ሹም አይወደውም።

ሹሞች የሚወዱት የደቡብ ኮሪያዋን ሴኡል ነው። እዚያ ከአውራ ጎዳና ሥር ተቀብሮ የነበረው ቾንግጌቾን የተባለ ጅረት በ2005 ተከፈተ፤ ያማረ ነው፣ ማንም አይክድም። አብዛኛው ውሃው ግን በፓምፕ ተስቦ የሚመጣ ነው። ለመዝናኛ ይሁን። የራሳችንን ጅረት እንመልስ ብለን ከዚያ መብራትና ድንጋዩን ብቻ ከቀዳን ግን ያገኘነው ረጅም ፋውንቴን ነው።

ኮንክሪት ጠላቴ አይደለም። የድልድይ እግር ይፈልገዋል። ሊነሣ የማይችል ሕንፃ ሥርም ምርጫ የለም። ሌላው ቦታ ላይ ግን የወንዝ ፕሮጀክት ዲዛይን ሲቀርብልን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ውሃው ሲበዛ የት ነው የሚተኛው? ጣት ተቀስሮ ካርታው ላይ ቦታው ካልታየ ግንብ ብቻ ነው የተሳለው። ላይኛው ተፋሰስ ጣራና ፓርኪንጉን በቱቦ መልቀቁን ከቀጠለ ደግሞ የትኛውም ሜዳ አይበቃም። እዚያ ውሃውን አቆይቶ ማስረግ የሥራው ግማሽ ነው።

በትክክል የተሠራ ቦታ ላይ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ሰው ከሜዳው ይወጣል፣ ውሃው ይገባል፣ ቆይቶ ይጎድላል። ሣሩ ውሃው በሄደበት አቅጣጫ ተጋድሞ ይቀራል። የእግር መንገዱ ላይ ስስ ደለል ይተኛል፤ ሁለት ሰው በአካፋ ይጠርገዋል።