ሦስቱንም ፊልም ያየ ልጅ ይምረጥ

የልጆች ምርጫ የተባለ የፊልም ሽልማት በተነገረ ቁጥር መቅደም ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ መራጮቹ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ አይተዋል ወይ? በአሜሪካው የኒኬሎዲዮን ጣቢያ ሽልማት ልጆች ድምፅ የሚሰጡት በኢንተርኔት ነው። ዕጩዎቹን ማየታቸውን የሚያረጋግጥ የለም። ስለዚህ በየሲኒማ ቤቱ የገባና በደንብ የተዋወቀ ፊልም ድምፅ ሳይሰጥ ገና ቀድሞ ሄዷል። ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም። እኛ ግን የቱ ፊልም በብዛት እንደታየ እንጂ የቱ እንደተወደደ አላወቅንም።

የአውሮፓ ፊልም አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው የወጣት ተመልካቾች ሽልማት ይህን ችግር ከሥሩ ነው የነቀለው። ከ12 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች በየከተማቸው በአንድ ቀን ተሰብስበው ሦስቱን ዕጩ ፊልሞች ያያሉ፣ ይወያያሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ውጤቱም ለዓመታት በቪዲዮ ወደ ጀርመኗ ኤርፈርት ሲተላለፍ ቆይቷል። የመጀመሪያው አሸናፊ የኔዘርላንዱ «ካውቦይ» ነበር፤ እናቱ የሌለችበት ቤት ውስጥ ከአባቱ ደብቆ አንድ የቁራ ዘር ጫጩት የሚያሳድግ የ10 ዓመት ልጅ ታሪክ። በዚያው ዓመት የበርሊን ፌስቲቫል ዳኞችም ምርጥ የመጀመሪያ ፊልም ብለውታል። ልጅ የሚወደው ሳቅና ሩጫ ብቻ ነው የሚሉ አዘጋጆች ይህን ይመልከቱ።

በርሊን ራሷ «ጄኔሬሽን» በሚባለው የፌስቲቫሏ የልጆችና የወጣቶች ክፍል የክሪስታል ድብ ሽልማትን ለልጆች ዳኞች ትታለች። ትንንሾቹ ዳኞች የሚመረጡት ባለፈው ዓመት ፊልም አይተው ከሞሉት መጠይቅ ነው፤ ማለትም የተመዘነው የወደዱበትን ምክንያት መጻፍ መቻላቸው ነው። ለትንንሾቹ ተመልካቾች ደግሞ አንድ ሰው እዚያው አዳራሽ ማይክ ይዞ በሌላ ቋንቋ የተሠራውን ፊልም ንግግር በጀርመንኛ ያነብላቸዋል። ትልቅ ነገር ነው። የ8 ዓመት ልጅ ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ ሲያሳድድ የተዋናዩ ፊት ያመልጠዋል፤ ከዚያ «ደባሪ ነው» ይላል፣ የደበረው ግን ንባቡ ነው።

የኛው «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫልም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። ባለታሪኳ የ14 ዓመት ልጅ ናት። የእሷ እኩዮች እንዲህ ያለውን ፊልም በራሳቸው ድምፅ ቢመርጡ ምንኛ ደስ ይላል! ለዚህ አንድ አዳራሽና አንድ ሙሉ ቀን ይበቃል፤ የሚያበላሹትን ነገሮች ግን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

ዋነኛው ችግር ውይይቱ ከድምፁ መቅደሙ ነው። ደፋር ልጅ ቀድሞ ከተናገረ ሌሎቹ ይከተሉታል። መብራቱ እንደበራ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥቡን ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከውይይት በኋላ ሐሳቡን የቀየረ ሁለተኛ ወረቀት ይሞላል፤ መምህሩ የራሱን ምርጫ እስከ መጨረሻው አይናገርም። ሌላው ድካም ነው። ሦስተኛው ፊልም ሲደርስ ልጆቹ ይዝላሉ፤ ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ቅደም ተከተሉ ይለዋወጥ፣ በየመሀሉም ቢያንስ የ30 ደቂቃ ዕረፍት ይኑር።

ሁሉም ልጅ ሁሉንም ፊልም ማየት ካልቻለ ደግሞ ድምፅ አይደመር፣ ካዩት ውስጥ ስንት በመቶው እንደወደደው ይታይ። 200 ልጆች አይተውት 120ው የወደዱት ፊልም 60 በመቶ ነው፤ 60 አይተውት 54ቱ የወደዱት 90 በመቶ። በድምር ቢሄዱ የሚያሸንፈው የመጀመሪያው ነው፣ አዳራሹ ሰፊ ስለነበረ ብቻ።