የታመመ ዓሣ መኖ አይበላም

በቅርቡ ለዓሣ አርቢዎች በተሰጠ አንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «ለዓሣ ጤና ተብለው መኖ ላይ የሚጨመሩት ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው የጓዳ ነገር ናቸው፤ መጠናቸውም አይታወቅም፤ በሽታ ሳይገባባችሁ አንቲባዮቲክ ከመኖው ጋር እየቀላቀላችሁ ስጡ» ብለው ማስተማራቸውን ስሰማ በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም።

መጠኑ አይታወቅም? ሽፈራው በቆሮሶ (ቲላፒያ) መኖ ውስጥ ሲበዛ በውስጡ ያሉት ታኒንና ሳፖኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ዕድገት እንደሚያዘገዩ፣ ከመኖው ፕሮቲን እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ቢተካ ግን የጎላ ጉዳት እንደማያደርስ በሙከራ ከታየ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይልቅስ አርቢው ለዶሮ ተብሎ የተሸጠለትን ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ዱቄት፣ ኩሬው ውስጥ ስንት ኪሎ ዓሣ እንዳለ እንኳ ሳያውቅ፣ ፉርሽካ ላይ በእጁ ሲበትን መጠኑን ማን ለካለት? ለሽንኩርት ሚዛን የሚጠይቅ ባለሙያ ለመድኃኒቱ አለመጠየቁ ኃላፊነት የጎደለው ተግባር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሽታው ራሱ የሚያሳየው እውነት ነው። ቆሮሶ ስትሬፕቶኮከስ ወይም ኤሮሞናስ በሚባሉ ባክቴሪያዎች ሲያዝ ገና ከጅምሩ መብላት ያቆማል። ስለዚህ በመኖ የሚሰጠው መድኃኒት የሚደርሰው ገና መብላት ለሚችለው እንጂ እጅግ ለሚያስፈልገው ዓሣ አይደለም። ጤነኛው ከበላውም ላይ ብዙው ሳይዋሐድ ከኩሱ ጋር ወጥቶ ደለሉ ላይ ይቀመጣል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች በትንሽ በትንሹ እያገኙት ይላመዱታል፤ የኩሬው ውኃ ደግሞ ሲቀየር ወደ ጎመን ማሳው ይለቀቃል። ይህን «መከላከል» ብሎ መጥራት አርቢውን ማሳሳት ነው። የአውሮፓ ኅብረት አንቲባዮቲክን ለእንስሳት ማሳደጊያነት በመኖ መስጠትን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከለከለው በዋናነት ይህንኑ መላመድ ፈርቶ ነው። ኖርዌይም በ1987 እ.ኤ.አ. ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ለዓሣ ትሰጥ የነበረች አገር ናት፤ ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሳልመን እያመረተች ከ1 ቶን በታች የምትጠቀመው ዓሣውን ሳይታመም በክትባት ስላጠነከረችው ነው።

እኛ ለቆሮሷችን እንዲህ ያለ የክትባት ሥርዓት የለንም። በእጃችን ያለው መኖው ነው። የቢራ እርሾ ሴል ግድግዳ ቤታ ግሉካን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ የዓሣው ነጭ የደም ሴሎች ይህን ሲያገኙ ወራሪ የገባ ያህል ይነቃሉ፣ በሽታው ሲመጣም ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። ባክቴሪያን የሚዋጋው የነጭ ሽንኩርት ንጥረ ነገር፣ አሊሲን፣ የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲወቀጥ ነው፤ እሳት ያጠፋዋል። ስለሆነም ወቅጦ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ ከኑግ ፋጉሎና ከፉርሽካ ጋር ማቡካት፣ በሥጋ መፍጫ አውጥቶ ጥላ ላይ ማድረቅ ነው። ይህን የማይችል አርቢ የለም። በተጨናነቀና ውኃው በቆሸሸ ኩሬ ውስጥ ሽንኩርት ብቻውን ተአምር አይሠራም፤ እንዲህ ባለ ኩሬ ውስጥ ግን መድኃኒቱም አይሠራም።

ሰበታ ላይ የዓሣ ምርምር ማዕከልና የቢራ ፋብሪካ በአንድ ከተማ ይገኛሉ። የሚቀጥለው ሥልጠና አንቲባዮቲክ የሚያስተዋውቅ ሳይሆን የፋብሪካው ተረፈ እርሾ በምን መልክና በምን ያህል መጠን ከመኖ ጋር እንደሚቀላቀል አርቢውን በእጁ እያስነካ የሚያሳይ መሆን አለበት፤ የመድኃኒቱ ምክርም ከሥልጠና ሰነዱ ዛሬውኑ ይውጣ።